በሰው አገር ያለ ልጅ የሁለት ቤት አደራ ነው



ዕለቱ ጁሙዓ ነበር፤ ግንቦት 10 ቀን 2010 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 18 ቀን 2018)። የ1439 ዓመተ ሂጅራ ረመዷን ገና መግባቱ ነው። በፓኪስታን ካራቺ ከተማ አንድ አባት ካፈጠሩ በኋላ ቴሌቪዥን ቢከፍቱ፣ በአሜሪካ ቴክሳስ ክፍለ ግዛት፣ ሳንታ ፌ በምትባል አነስተኛ ከተማ፣ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ተኩስ መከፈቱን ሰሙ። የ17 ዓመት ልጃቸው ሳቢካ ሼክ የምትማረው እዚያው ነው። ስልኳን ቢሞክሩ መልስ የለም። በመጨረሻ የደረሳቸው ወሬ ማንም ወላጅ ሊሰማው የማይሻው ነበር። በዚያ ጠዋት 8 ተማሪዎችና 2 መምህራን ተገድለዋል፤ ከእነርሱም አንዷ ሳቢካ ነበረች። ወደ አገሯ ለመመለስ የቀራት ጊዜ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሆን፣ ዒድን ከወላጆቿ ጋር ለማሳለፍ ቀን ትቆጥር ነበር። አላህ ይዘንላት፤ ለወላጆቿም ሶብሩን ይስጣቸው።

ይህን ታሪክ መክፈቻ ያደረግነው ወላጆችን ለማስፈራራት አይደለም። ሳቢካ በቴክሳስ ምን ትሠራ እንደነበረ፣ እንዴት ያለ ቤት ውስጥ እንደኖረች፣ ከሞተችም በኋላ ሁለቱ ቤተሰቦች ምን እንዳደረጉ ስናነብ፣ ብዙዎቻችን ሳናስብበት የምናልፈው ጥያቄ ስለተነሣብን ነው። ለመሆኑ ገና ጢሙ ያላበቀለ ወንድ ልጅ፣ ወይም እናቷ አጠገብ ያደገች የ16 ዓመት ልጃገረድ፣ በማያውቁት አገር፣ በማያውቁት ሰው ቤት አንድ ዓመት ሲቀመጡ ምን ያገኛሉ? ምንስ ያጣሉ? ከእኛ ከወላጆችስ ምን ይጠበቃል?

የልውውጥ ትምህርት ከየት መጣ?

በውጭ አገር ከሚኖሩ ቤተሰቦች ጋር እየኖሩ መማር በሰፊው የተስፋፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ከሥራው ጀማሪዎች አንዱ ኤ.ኤፍ.ኤስ. በሚል አጭር ስም የሚታወቀው ድርጅት ሲሆን፣ እርሱም እ.ኤ.አ. በ1915 ፈረንሳይ ውስጥ በጦር ሜዳ ቁስለኞችን በአምቡላንስ በሚያመላልሱ አሜሪካውያን በጎ ፈቃደኞች የተመሠረተ ነበር። እነዚህ ሰዎች ሁለት የዓለም ጦርነቶችን በዓይናቸው ካዩ በኋላ፣ ሰው ቁስለኛ ከሆነ በኋላ ከማንሣት አስቀድሞ እርስ በርስ እንዲተዋወቅ ማድረግ ይሻላል ብለው ወሰኑ። በዚህም መሠረት እ.ኤ.አ. በ1947 ከ10 አገሮች የመጡ 52 ተማሪዎችን አሜሪካ ውስጥ በየቤተሰቡ አስቀመጡ።

ሳቢካ የሄደችበት ፕሮግራም ደግሞ የተወለደው ከሌላ ቁስል ነው። የመስከረም 2001 (እ.ኤ.አ.) ጥቃት በአሜሪካና በሙስሊሙ ዓለም መካከል ጥርጣሬን ባነገሠበት ጊዜ፣ ኤድዋርድ ኬኔዲና ሪቻርድ ሉጋር የተባሉ ሁለት የምክር ቤት አባላት፣ አንዱ ከዴሞክራት ሌላው ከሪፐብሊካን ወገን ሆነው፣ በሐሳቡ ገፉበት። እ.ኤ.አ. በ2002 የተቋቋመውና «የስ» በሚል ምህጻር የታወቀው ይህ የልውውጥ ፕሮግራም በርካታ ሙስሊሞች ከሚኖሩባቸው አገሮች ታዳጊዎችን እየመረጠ፣ ወጪያቸውን የአሜሪካ መንግሥት እየቻለ፣ ለአንድ የትምህርት ዓመት በአሜሪካ ቤተሰቦች ዘንድ አስቀምጦ አስተምሯል። ከፓኪስታን፣ ከኢንዶኔዥያ፣ ከናይጄሪያ፣ ከጋናና ከኬንያ ብዙ ልጆች ሄደዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ በተቃራኒው አሜሪካውያን ታዳጊዎች እንደ ኢንዶኔዥያና ሞሮኮ ባሉ አገሮች እንዲኖሩ የሚያደርግ ሌላ ዘርፍ ተጨምሯል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። መንግሥታት የየራሳቸው ዓላማ አላቸው፤ ያለ ምክንያት ገንዘብ የሚያወጣ መንግሥት የለም። ይህንን ልጁም ወላጁም አውቀው መግባታቸው ተገቢ ነው። ሆኖም በአንድ ማዕድ ዙሪያ የተቀመጡ ሰዎች መንግሥታት ያላሰቡትን ነገር ሊያገኙ ይችላሉ።

ለእኛ አዲስ ነገር ነውን?

ልጅን ለትምህርት ወደ ሰው ቤት መላክ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ነገር አይደለም። ከገጠር ተነሥቶ ከተማ አጎቱ ዘንድ ተጠግቶ የተማረ ስንቱ ነው? ወሎ ውስጥ ዳናን፣ ገታን፣ ጀማ ንጉሥን የመሳሰሉ የዒልም ማዕከላት የቆሙት ከሩቅ አገር በእግሩ መጥቶ፣ ስንቁ ሲያልቅ የአካባቢው ሰው ያካፈለውን እየበላ ኪታብ በቀራ ደረሳ ነው። የመንደሩ እናት ያንን ደረሳ አልወለደችውም፤ ነገር ግን እንጀራ ስትጋግር የእርሱን ድርሻ ታስባለች። እርሱም በበኩሉ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይሰብራል፣ ዱዓ ያደርጋል። ይህ ያልተጻፈ ውል ነበር። እንግዳውም ግዴታ ነበረበት፤ አስተናጋጁም ግዴታ ነበረበት።

የዛሬው የልውውጥ ትምህርት ልዩነቱ ቋንቋውም፣ ሃይማኖቱም፣ የአየሩም ጠባይ ሌላ መሆኑ ነው። ዝምድናም የለም። ስለዚህ በእኛ ዘንድ በይሉኝታ የሚጠበቀው ነገር በዚያ በደንብ ተጽፎ ይገኛል። ወላጅም ልጁን ከመሸኘቱ በፊት ይህን ደንብ ማወቅ አለበት።

የአሜሪካ መንግሥት ለሁለተኛ ደረጃ የልውውጥ ተማሪዎች ባወጣው ደንብ መሠረት፣ ልጁን የሚያስቀምጠው ድርጅት የአስተናጋጁን ቤተሰብ አባላት በአካል ቤታቸው ሄዶ ማነጋገር ይኖርበታል። በቤቱ ውስጥ ዕድሜው 18 ዓመት የሞላ ሰው ሁሉ የወንጀል መዝገቡ ይመረመራል። ልጁ የራሱ አልጋ ሊኖረው ይገባል፤ ተዘርግቶ የሚታጠፍ ወይም በአየር የሚነፋ አልጋ አይፈቀድም። መኝታ ክፍል ቢጋራ እንኳ ከተመሳሳይ ፆታ ጋር ብቻ ነው። ከቤቱ ከ120 ማይል (193 ኪሎ ሜትር ገደማ) በማይበልጥ ርቀት ላይ የሚኖር አስተባባሪ በየወሩ ልጁንም ቤተሰቡንም ማነጋገር አለበት። አስተናጋጆቹም በበጎ ፈቃድ የሚቀበሉ እንጂ ለዚህ ደመወዝ የሚከፈላቸው አይደሉም።

«ልጄ ማን ቤት ሊያድር ነው? ማንስ ይጠይቅልኛል? ነገር ቢበላሽ የሚደውለው ለማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ወላጅ ነገር አብዝቶ አይደለም። መብቱን ነው የጠየቀው። እነዚህን ጥያቄዎች በግልጽ የማይመልስ ድርጅት ልጅ ሊሰጠው አይገባም።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

አሁን ደግሞ ልጁን ተከትለን ወደ ቤቱ እንግባ። አንድ የእኛ አገር ልጅ ማታ ደርሶ እራት ይቀርባል። የቤቱ እናት «ትበላለህ?» ትላለች። ልጁ በሥርዓት ያደገ ነውና «አይ፣ ይበቃኛል» ይላል። በእኛ አገር ይህ የመጀመሪያው ቃል ነው፤ «በሞቴ» ይከተላል፣ «እንዲያውም አፈር ስሆን» ይከተላል፤ ከዚያ በኋላ ይበላል። እዚያ ግን «አይ» ማለት «አይ» ነው። ሴትዮዋ ሳህኑን ታነሣለች፤ ልጁም ጦሙን ያድራል። እርሷ አልጨከነችበትም፤ እንዲያውም ቃሉን ማክበሯ ነው። እርሱም አልዋሸም፤ ማፈሩ ነው። በአንድ ቃል ምክንያት አንዱ ርቦት፣ ሌላዋ ግራ ገብቷት ይተኛሉ።

ዓይንም እንዲሁ ነው። በእኛ ዘንድ በታላቅ ፊት ዓይንን ሰበር ማድረግ አክብሮት ነው። እዚያ መምህሩ ሲናገር ወደ መሬት የሚያይ ልጅ የሚደብቀው ነገር ያለው ይመስላል። የቤት ሥራም አለ። ሳህን ማጠብ፣ ቆሻሻ ማውጣት፣ የራስን ልብስ ማጠብና ክፍልን ማጽዳት ለወንድም ለሴትም እኩል ነው። እናቱና እህቶቹ ሁሉን ሲሠሩለት ያደገ ወንድ ልጅ እዚያ ሲደርስ እንደ ቅጣት ሊቆጥረው ይችላል። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በቤታቸው ልብሳቸውን ይጥፉ፣ ቤተሰባቸውን ይረዱ እንደነበር ያስተማርነው ልጅ ግን «ይህማ ሱንና ነው» ብሎ እጅጌውን ይሰበስባል። እንግዲህ ዝግጅት ማለት ሻንጣ ማዘጋጀት ብቻ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

በብዙ ቤቶች ውሻ ቤት ውስጥ ይኖራል፤ እንደ ቤተሰብም ይቆጠራል። ሻፊዒይ በሆነ ቤት ያደገ ልጅ የውሻ ምራቅ ቢነካው እንዴት እንደሚያጥብ አስቀድሞ ያልተማረ እንደሆነ ወይ ይጨነቃል፣ ወይ ሁሉንም ይተወዋል። በጨዋነት «በሃይማኖቴ ምክንያት ውሻው መኝታ ክፍሌ ባይገባ ደስ ይለኛል» ማለት ግን ይቻላል። ልጁ ካልነገራቸው ቤተሰቡ በምን ያውቃል?

ሶላት፣ ምግብና ጾም

በአገራችን ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትገባው ከ12 ሰዓት ብዙም ሳትርቅ ነው። ልጆቻችንም የሶላት ወቅት ሲለዋወጥ አያውቁም፤ አዛኑ ይጠራቸዋል። ብዙ ሶማሌዎችና ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች የሚኖሩባትን ሚኒያፖሊስን እንውሰድ። በታኅሣሥ ፀሐይ የምትገባው ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን፣ በሰኔ ደግሞ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። በክረምታቸው ዐስርና መግሪብ ስለሚቀራረቡ ከትምህርት በኋላ ለስፖርት ልምምድ የቀረ ልጅ ሁለቱም በጨዋታ መሐል ሊያመልጡት ይችላሉ። አዛን የለም። «ተነሥ ስገድ» የሚል እናትም የለችም። እንግዲህ ሶላቱ የእናቱ ነበረች ወይስ የእርሱ፣ ያን ጊዜ ይለያል።

ሕጉን በተመለከተ፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1962 በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ውስጥ ትምህርት ቤቱ ራሱ የሚያዘጋጀውን ጸሎት ከልክሏል። ተማሪው በገዛ ጊዜው፣ ትምህርት ሳያውክ መስገዱን ግን አልከለከለም። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣ ሕግም ለሌሎች የተማሪ ማኅበራት ቦታ የሚሰጥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለሃይማኖት ማኅበራትም እንዲፈቅድ ያስገድዳል። ስለሆነም ወደ አስተዳደሩ ቀርቦ «በምሳ ሰዓት የምሰግድበት ጸጥ ያለ ክፍል ይፈለግልኝ» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው የተከለከለው ሳይሆን አፍሮ ያልጠየቀው ነው።

አንዳንድ ወጣቶች «እኔ መንገደኛ ነኝና አሳጥራለሁ» ይላሉ። በዐሊሞች ዘንድ ግን የመንገደኛ ፈቃድ ገደብ አለው። በሐነፊይ መዝሀብ 15 ቀን፣ በሻፊዒይ ደግሞ 4 ቀን ለመቀመጥ የወሰነ ሰው ሶላቱን ሙሉ ይሰግዳል። አሥር ወር የሚቀመጥ ተማሪ በእነዚህ መዝሀቦች መሠረት ነዋሪ ነው። ይህን የመሰለውን ጉዳይ ከመሄዱ በፊት ከአካባቢው ሸኽ ጋር ቁጭ ብሎ መማር ይጠቅመዋል።

በምግብ በኩል ዓሣው፣ እንቁላሉ፣ አትክልቱና ጥራጥሬው ሞልቷል። የአሳማ ሥጋና አልኮል በግልጽ ይታወቃሉ፤ ሆኖም አሳማ ባልተጠበቀ ቦታ፣ በሾርባ፣ በባቄላ ወጥ፣ በጣፋጭ ከረሜላ ውስጥ በጄላቲን መልክ ይገኛልና ማሸጊያውን ማንበብ መልመድ አለበት። የክርስቲያንና የአይሁድ ዕርድን በተመለከተ ቁርኣን የፈቀደውን ከዛሬው የፋብሪካ ዕርድ ጋር በማገናዘብ ዐሊሞች የተለያየ አስተያየት አላቸው። ቤተሰቡ ልጁ የያዘውን አቋም በመጀመሪያው ሳምንት ቢያውቅ ይሻላል። በየቀኑ ማዕድ ላይ አዲስ ክልከላ ከሚሰሙ፣ አንድ ቀን ሁሉንም በወረቀት ጽፎ ቢሰጣቸው ለእነርሱም ዕረፍት ነው።

ረመዷን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም እያለ ስለሚመጣ፣ አንዳንዱ ተማሪ በአጭሩ ቀን፣ አንዳንዱ በረጅሙ ቀን ይጾማል። የምሳ ሰዓቱን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያሳልፋል፤ ለስፖርት መምህሩ ይነግራል። ለሱሑር ብቻውን ይነሣል። ጾምን ከቤተሰብ ጋር ለለመደ ልጅ ከባዱ ረሃቡ አይደለም፤ ብቻውን ማፍጠሩ ነው።

ትምህርት ቤትና ጓደኛ

በእኛ አገር ተማሪ ክፍሉ ውስጥ ይቀመጣል፤ የሚዘዋወረው መምህሩ ነው። በአሜሪካ መምህሩ ክፍሉ ውስጥ ይቀመጣል፤ በየክፍለ ጊዜው የሚዘዋወረው ተማሪው ነው። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል። ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ አብሮት የሚቀመጥ የክፍል ጓደኛ የለውም ማለት ነው። ደወል ሲደወል ሁሉም ይበተናል። በምግብ አዳራሹ ጠረጴዛዎች ሁሉም የራሳቸው ሰዎች አሏቸው። ሳህኑን ይዞ «የት ልቀመጥ?» ብሎ የሚቆምባት ያቺ ደቂቃ ለእንግዳ ልጅ ከሒሳብ ፈተና ትከብዳለች።

መፍትሔው መጠበቅ አይደለም። ስፖርት ቡድን ውስጥ፣ የሳይንስ ክበብ ውስጥ፣ የበጎ አድራጎት ሥራ ውስጥ መግባት ነው። አብሮ የሠራ ሰው አብሮ ይቀመጣል። የ«የስ» ተማሪዎች በጎ ፈቃድ ሥራ እንዲሠሩ፣ በኅዳር ወር በሚውለው የዓለም አቀፍ ትምህርት ሳምንትም ስለ አገራቸው ገለጻ እንዲያደርጉ ይበረታቱ ነበር። አገሩን ለማስረዳት የቆመ ልጅ አገሩን እንደ አዲስ ያጠናል። «ሂጃብ ለምን ትለብሻለሽ?» ተብላ የተጠየቀች ልጅም «እናቴ ስላለችኝ» የሚለው መልስ እንደማይበቃ ያን ጊዜ ይገባታል።

ፈተናውን አንደብቅም። በጸደይ የሚዘጋጀው የጭፈራ ምሽት አለ። የወንድና ሴት ጓደኝነት አለ። ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው አልኮል መሸጥ በሕግ ቢከለከልም በወጣቶች ድግስ ላይ ይገኛል። ልጁን «አትሂድ፣ አትንካ» ብሎ ብቻ መላክ በቂ አይደለም። እንቢ ሲል ምን ብሎ እንቢ እንደሚል፣ ከድግሱ ለመውጣት ማንን እንደሚጠራ አስቀድሞ ቤት ውስጥ ይነገረው። እንቢታ ሥርዓት ባለው አንደበት ሲነገር ጓደኛ አያሳጣም።

ናፍቆት

ወር ሁለት ወር ካለፈ በኋላ አዲስነቱ ያልቅና ናፍቆት ይመጣል። ብርዱ ይገባል፣ ቀኑ ያጥራል፣ ልጁም ያለ ምክንያት የሚያስለቅሰው ነገር ይኖራል። የቡና ሽታ፣ የታናሽ እህቱ ጫጫታ፣ በሰፈሩ የሚሰማው የሱብሒ አዛን ይታወሰዋል። ሚኒሶታ ልጁ ከትምህርት ቤት ሲወጣ እዚህ እኩለ ሌሊት ገደማ ነው። ሊያጫውታት በሚፈልግበት ሰዓት እናቱ ተኝታለች።

በቀድሞ ጊዜ ደብዳቤ ወር ይፈጅ ነበር፤ ዛሬ በስልክ ፊት ለፊት መተያየት ይቻላል። ይህ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ፈተናም አለው። ልጁ በየምሽቱ ክፍሉን ዘግቶ ከቤቱ ጋር የሚያወራ ከሆነ፣ አካሉ አሜሪካ ልቡ ግን እዚህ ይቀራል፤ አስተናጋጆቹም «ጠላን» ይላሉ። ስለዚህ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን የተወሰነ ሰዓት መቀጠር ይሻላል። እናትም ስልኩ ላይ ባታለቅስ መልካም ነው፤ ልጅ የእናቱን እንባ ይዞ ሊተኛ አይችልም። ይህ ማለት ግን ልጁ «ደህና ነኝ» ባለ ቁጥር ማመን ማለት አይደለም። «ዛሬ ምሳ ከማን ጋር በላህ?» የሚለው ጥያቄ «ደህና ነህ?» ከሚለው የበለጠ ይነግረናል። ልጁ በቤቱ ውስጥ የሚያስፈራው ነገር ካለ ደግሞ ቤት መቀየር እንደሚቻልና ለአስተባባሪው መንገር ማሳጣት እንዳልሆነ ይወቅ።

የሳቢካ ሁለት ቤቶች

እንደገና ወደ ሳንታ ፌ እንመለስ። ሳቢካ ስታድግ ዲፕሎማት የመሆን ምኞት ነበራት። በሳንታ ፌ ያስጠጋት ቤተሰብ አጥባቂ ክርስቲያን ነበር። ከቤቱ ልጅ ጋርም እንደ እህት ሆኑ። ረመዷን ሲገባ የቤቱ ሰዎች ብቻዋን እንዳትሆን ብለው አብረዋት መጾም ጀምረው እንደነበር ተነግሯል። ከላይ «ከባዱ ብቻውን ማፍጠሩ ነው» ብለን ነበር። እነዚያ ክርስቲያኖች ይህንን ማንም ሳይነግራቸው ተረድተውታል።

ከሞተች በኋላ በሒውስተን አካባቢ መስጊድ ውስጥ ሶላተል ጀናዛ ሲሰገድ እነዚያ አስተናጋጆቿ ከሐዘንተኞቹ መካከል ነበሩ። አስከሬኗ ካራቺ ደርሶ ግንቦት 15 ቀን 2010 ዓ.ም. ተቀበረ። አባቷም በዚያ መሪር ሐዘን ውስጥ ሆነው ጥፋቱን በአሜሪካ ሕዝብ ላይ አልጣሉም፤ ይልቁንም የሌሎች ልጆች ሕይወት እንዲተርፍ የጦር መሣሪያ ሕጉ እንዲጠብቅ ጠየቁ። ኋላም የቴክሳስ ተወካይ የነበሩት ሺላ ጃክሰን ሊ ለምክር ቤት ባቀረቡት የጦር መሣሪያ ምዝገባ ረቂቅ ላይ የሳቢካ ስም ተጽፏል።

እዚህ ላይ ሚዛናችንን እንጠብቅ። የአስተናጋጆቹ ደግነት ልጅቱን ከጥይት አላዳናትም። ልጅን የሚልክ ወላጅ ያንን አገር ከነአደጋው ሊያውቀው ይገባል። በሌላ በኩል ገዳዩ ያንን አገር ብቻውን አይወክልም፤ አብሯት የጾመውም ቤተሰብ የዚያው አገር ሰው ነው። አደራን የተቀበለ ቤት አደራውን በሚችለው ሁሉ ጠብቋል። ከአቅሙ በላይ የሆነው ደግሞ የአላህ ቀደር ነው።

መመለስ

ብዙ ወላጆች የማያስቡት ነገር አለ፤ ከመሄድ ይልቅ መመለስ ይከብዳል። ልጁ ሲመለስ ቤቱ ያው ነው፤ እርሱ ግን ተለውጧል። አማርኛው ይሰናከላል። ምሳውን በልቶ ሳህኑን ራሱ ያጥባል፤ «ይሄ ምን ሆነ?» ይባላል። ሐሳቡን ፊት ለፊት ይናገራል፤ «ባለጌ ሆነ» ይባላል። ሰው ስለ አውሮፕላኑና ስለ ሕንፃው ለአንድ ምሽት ከጠየቀው በኋላ ሌላውን ለመስማት ትዕግሥት የለውም። የዓመቱን ኑሮ በሆዱ ይዞ ዝም ይላል።

በዚህ ጉዳይ ከራሳችን አገር ጋር የተያያዘ ታላቅ ምሳሌ አለን። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ወደ ሐበሻ ተሰድደው ሲመጡ፣ ንጉሡ ነጃሺ አሳልፎ አልሰጣቸውም። ከስደተኞቹ አንዱ ኻሊድ ኢብኑ ሰዒድ (ረ.ዐ.) ሲሆን፣ ኡሙ ኻሊድ የተባለችው ልጁ የተወለደችው እዚሁ ሐበሻ ነው። የሐበሻን ቋንቋ እየሰማች አድጋ፣ በሰባተኛው ዓመተ ሂጅራ ገደማ ከወላጆቿ ጋር መዲና ገባች። ለእርሷ መዲና ባዕድ አገር ነበረች።

ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ እንደተነገረው፣ አንድ ቀን ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጥለት ያለው ትንሽ ጥቁር ልብስ ቀረበላቸው። ለማን እንደሚሰጥ ከጠየቁ በኋላ ያቺን ልጅ አስጠሯት፤ በእጃቸውም አለበሷት። ወደ ጥለቱም እያመለከቱ በሐበሻ ቋንቋ «ሰናህ» አሏት፤ ያማረ ነው ማለት ነው። በግዕዝ «ሠናይ» የምንለው ቃል ምን ያህል እንደሚቀርበው አንባቢ ያስተውላል።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልጅቱን «አረብኛ ልመጂ፣ ያንን እርሺው» ብለው አልተቀበሏትም። ካደገችበት አገር ቋንቋ አንድ ቃል አንሥተው፣ በዚያ ቃል አስደሰቷት። ያ ቃል እርሷ የኖረችበትን ዘመን እንደሚያውቁላት ምልክት ነበር።

ውድ ወላጆች! ልጃችንን ስንልክ ሶላቱን የራሱ አድርጎ፣ እጁን ለሥራ አስለምዶ፣ አንደበቱን ለጨዋ እንቢታ አሠልጥኖ መላክ የእኛ ድርሻ ነው። የሚያድርበትን ቤት መጠየቅ፣ እዚያ ሳለም በጥያቄ እንጂ በእንባ አለመከተል የእኛ ድርሻ ነው። ሲመለስ ደግሞ ቁጭ ብሎ መስማት ይገባናል። መጥፎ ልማድ ይዞ ቢመጣ በምክር ይታረማል፤ መልካም ነገር ይዞ ቢመጣ ግን «ሰናህ» ልንለው ይገባል። በውጭ አገር የምትኖሩ ወገኖቻችንም ከሰፈራችሁ ትምህርት ቤት ብቻውን የሚያፈጥር እንግዳ ልጅ እንዳለ ብትሰሙ በራችሁን ክፈቱለት። እኛ የነጃሺ አገር ሰዎች ነንና እንግዳን መቀበል ከማንም ልንማረው አይገባም ነበር።

አላህ (ሱ.ወ.) በሰው አገር ያሉ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ አደራ የተቀበሉትንም መልካም ዋጋ ይክፈላቸው። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።